ሚድልማርችን ጨርሶ ሮዛሞንድን ያልጠላ ሰው አለ?

ሰላም_ዘጉለሌ

ሰላም ለቤቱ። ረጅም ልብወለድ ጠቁሙኝ ስል ሚድልማርችን ያላችሁኝ ሰዎች፣ ይኸው ጨረስኩት። 86 ምዕራፍ፣ መግቢያና መደምደሚያው ሳይቆጠር። ቤት ውስጥ ስለሱ የማወራው ሰው ስለሌለ ንዴቴን ይዤ እዚህ መጥቻለሁ።

ላላነበበው ባጭሩ። ጆርጅ ኤልየት የብዕር ስም ነው፤ ጸሐፊዋ ሜሪ አን ኢቫንስ የምትባል ሴት ናት። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. ከ1871 መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል በስምንት ክፍል እየተከፋፈለ ወጣ። ታሪኩ ግን 40 ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከ1829 እስከ 1832፣ መሀል እንግሊዝ ውስጥ ባለች አንዲት የፈጠራ ከተማ። ሰዉ ብዙ ነው። ዋናዎቹ ግን ሁለት ትዳሮች ናቸው። ዶሮቲያ ለሰው የሚተርፍ ነገር ልሥራ ብላ የምትቃጠል ልጅ ናት፤ በዕድሜ እጅግ የሚበልጣትን ካሶቦን የሚባል ደረቅ ምሁር ታገባለች። ሊድጌት ደግሞ ፓሪስ ተምሮ የመጣ ወጣት ሐኪም ነው፤ የከተማዋን ቆንጆ ሮዛሞንድ ቪንሲን ያገባል። ሁለቱም ትዳር አያምርም።

የሊድጌት ትዳር ሲበላሽ ግን ዱላው ሁሉ ሮዛሞንድ ላይ ያርፋል። ያየሁት አስተያየት በሙሉ አንድ ነው። ራስ ወዳድ፣ ባዶ፣ የጎበዝ ሰው ዕድሜ የበላች። እኔ የምጠይቀው፣ ይቺ ልጅ ምን አጠፋች? የሆነችው እንድትሆን ያሳደጓትን ነው። የተማረችበት የሚስስ ሌመን ትምህርት ቤት በአውራጃው አንደኛ የተባለ ነበር፤ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ሠረገላ ላይ እንዴት ወጥቶ እንዴት እንደሚወረድ ነው። ቀልዴን አይደለም፣ መጽሐፉ ውስጥ አለ። እንዲህ ተኮትኩታ ያደገች ልጅ የቤቱን ሒሳብ ይዛ ባሏን ከዕዳ ታውጣው?

ሊድጌትስ ምን መስላው ነው ያገባት? ሴት ልጅ እንደ ጥሩ ሙዚቃ መሆን አለባት ብሎ የሚያስብ ሰው እኮ ነው። ሙዚቃ አገባ። ከዚያ ሙዚቃው ዕዳ አይከፍልም ብሎ ይቆጣል።

እስቲ ሞግቱኝ።

አወያይ

ከዚህ በታች መጨረሻው በግልጽ ይወራል። ገና እያነበባችሁ ያላችሁ በራሳችሁ ኃላፊነት ግቡ።

ገጽ_ሰማንያ

ስሜ እንደሚያወራው ገጽ 80 አካባቢ ተቸንክሬያለሁ። ሐኪም የሚባል ሰው ገና አልመጣም። ዶሮቲያ ያንን ሰውዬ አታግቢ ስትባል እምቢ እያለች ነው። መጨረሻውን ባውቅም ግድ የለኝም፣ ቀጥሉ።

የሌሊት_ተረኛ

ሰላም፣ ኧረ በሕግ! እኔ ሐኪም ነኝና ለሊድጌት አዳላለሁ፤ ይህን ቀድሜ ልናገር።

ሰውየው ምን ይዞ እንደመጣ እዩ። በዚያ ዘመን አብዛኛው ባለሙያ ገቢው ከሚሸጠው መድኃኒት ነው። ስለዚህ ለበሽተኛው ጠርሙስ በጠርሙስ ላይ ያዝለታል። ሊድጌት መጣና መድኃኒት አልሸጥም አለ። ምክሬንና ምርመራዬን ክፈሉኝ፣ መድኃኒቱን ከሚሸጠው ግዙ። የከተማው ሐኪም ሁሉ ጠላው፤ ባለሱቁም ጠላው፤ ጠርሙስ ቆጥሮ የመክፈል ልማድ ያለው በሽተኛ ራሱ ግራ ተጋባ። ደረት የሚያዳምጥበት መሣሪያ ይጠቀማል፤ ላኔክ የሚባል ፈረንሳዊ በ1816 የፈጠረው፣ ለሚድልማርች ገና እንግዳ የሆነ ነገር። የሮዛሞንድ ወንድም የፍሬድ ቪንሲን የታይፎይድ ትኩሳት ሌላው ሐኪም ሲስተው እሱ ነው ያወቀው። ከዚያ አልፎ የሰውነት ሕብረ ሕዋሳት ሁሉ የጋራ መነሻ አላቸው ወይ የሚለውን ሊመረምር ያስባል። ጥያቄው ራሱ ለዘመኑ ትልቅ ነው።

ይህ ሁሉ በምን ቀረ? በዕቃ ዕዳ። በወንበርና በብር ሳህን። እኔ ያንን ክፍል ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሳሁ። ስንት ጎበዝ ጓደኛዬ ነው በኪራይና በወጪ ተይዞ ምርምሩን የተወው። ስለዚህ ሮዛሞንድን ልጠላ መብቴ ነው።

ሰላም_ዘጉለሌ

የሌሊት ተረኛ፣ ስለ ሐኪምነቱ ያልከውን በሙሉ እቀበላለሁ። ግን ዕቃውን ማን ገዛው? ከሠርጉ በፊት ውድ የገበታ ዕቃ አይቶ፣ ይህ ነው የሚሆነኝ ብሎ የገዛው ራሱ ነው። ርካሽ ሳህን ያስጠላዋል። ጸሐፊዋ ምዕራፍ 15 ላይ ሳትሸፋፍን ነግራናለች፤ የዚህ ሰው አእምሮ ለሳይንስ ሲሆን ብሩህ ነው፣ ለቤት ዕቃና ለሴት ሲሆን ግን ከተራው ሰው አይለይም። ዕዳውንም እስኪደርስበት ድረስ ለሚስቱ አልነገራትም። የነገራት ዕቃው በመያዣ ከተጻፈ በኋላ ነው።

ጡረተኛው_መምህር

ልጆቼ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። በታሪኩ ዘመን ያገባች እንግሊዛዊት ሴት በሕግ ፊት የራሷ ንብረት የላትም ማለት ይቻላል። ይዛ የመጣችው ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ፣ የባል ነው። ሀብታም ቤተሰቦች በልዩ ውል ለሴት ልጃቸው ድርሻ ያስጠብቁ ነበር፤ የቪንሲ ዓይነቱ ነጋዴ ግን ገንዘቡ ከእጅ ወደ አፍ ነው። ሠርታ ያገኘችውን ለራሷ የሚያደርግላት ሕግ የወጣው በ1870 ነው፤ ጸሐፊዋ ይህንን መጽሐፍ እየጻፈች ሳለች ማለት ነው። ሰፋ ያለው ደግሞ በ1882 መጣ፤ እሷ በ1880 ካረፈች በኋላ።

ስለዚህ ሮዛሞንድ ገንዘብ ላይ እጇ የሚደርሰው በወንድ በኩል ብቻ ነው። በአባት፣ በባል፣ በባል አጎት። ተንኮሏን ሁሉ እዩት፣ በእነዚህ ሦስት በሮች ነው የሚያልፈው። ይህን ስል ጥፋት የለባትም ማለቴ አይደለም።

ገጽ ሰማንያ፣ አንድ ምክር። ይህን መጽሐፍ እንደ አንድ መጽሐፍ አታንብበው። ያኔ አንባቢው አንዱን ክፍል አንብቦ ሁለት ወር ይጠብቅ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው በየወሩ የሆነው። እያንዳንዱ ክፍል ስም አለው፤ «ሚስ ብሩክ»፣ «ሞትን መጠበቅ»፣ «የሙታን እጅ» እያለ ይሄዳል። አንዱን ጨርሰህ እረፍ፣ ሌላ ነገር አንብብ፣ ተመለስ። መጀመሪያው የሚከብድህም በምክንያት ነው። የዶሮቲያና የሊድጌት ታሪክ ሲጀመር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ነበሩ፤ በኋላ ነው የተሰፉት። ስፌቱ የሚታየው እዚያ አካባቢ ነው። ካለፍከው ይለቅቅሃል።

ገጽ_ሰማንያ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እና ስለ ምርጫውና ስለ ፓርላማው የሚያወራውን መዝለል ይቻላል?

ጡረተኛው_መምህር

አይቻልም። ብታሾልክ ግን አላየሁም።

ማሂ_ነኝ

እኔ በሰላም አልስማማም፤ በጣም ነው የማልስማማው። የማሳደግ ጉዳይ ከሆነ ወንድሟ ፍሬድም እዚያው ቤት ነው ያደገው። እሱም ሰነፍ፣ ዕዳ የሚወድ፣ የሽማግሌ ዘመድ ውርስ የሚጠብቅ። ግን ተለወጠ። እሷ ለምን አልተለወጠችም?

ደግሞ ያደረገችውን ቀለል አታድርጉት። ነፍሰ ጡር ሆና ፈረስ አትጋልቢ አላት፤ ባሏም ነው፣ ሐኪሟም ነው። እሺም እምቢም ሳትል ከአጎቱ ልጅ ከመኮንኑ ጋር ሄደች። ፈረሱ ደነገጠ፣ ልጁ ጠፋ። ከዚያ በኋላ እንኳ ቤት ብቀመጥም ያው ነበር ትላለች። ቀጥሎ ቤቱን ለሌላ ሰው አከራይቶ ወደ ትንሽ ቤት ልንግባ አለ። ለአከራዩ ደላላ ተናገረ። እሷ ሳትነግረው ሄዳ ትእዛዙን አስቀረችው። ቀጥላ ለባለ ማዕረጉ አጎቱ ለሰር ጎድዊን በድብቅ ገንዘብ ስጠን ብላ ጻፈች። መልሱ ለሊድጌት መጣ፤ ገንዘብ ስትፈልግ ሚስትህን አታጽፍ የሚል ስድብ። ሰውየው ምንም አያውቅም!

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ አትጮህም። አትሳደብም። በቀዝቃዛ ድምፅ «ምን ማድረግ እችላለሁ ቴርቲየስ?» ትላለች፤ ቴርቲየስ የሊድጌት መጠሪያ ስም ነው። የሚጮህ ሰው ይሻለኛል። ዝም ብሎ የፈለገውን የሚያደርግ ሰው ጋ አብሮ መኖርን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሰላም_ዘጉለሌ

ማሂ፣ ፍሬድ የተለወጠው የሚወዳት ሜሪ ጋርዝ ስላለች ነው፤ አባቷም ሥራ ስለሰጠው ነው። ኬሌብ ጋርዝ እጁን ይዞ መሬት መለካትና ሒሳብ መጻፍ አስተማረው። ለሮዛሞንድ ሥራ የሰጣት ማን ነው? ፒያኖ መምታት ነው ሥራዋ።

ደብዳቤው ግን ደብሮኛል፣ አልክድም።

ማሂ_ነኝ

ደበረኝ ብቻ?

በረዶ_ሀገር

እስካሁን ማንም ያላነሳትን ሴት ላንሳ። የሮዛሞንድ አክስት፣ ሃሪየት ቡልስትሮድ። የአባቷ እህት ናት፣ ያው የቪንሲ ዘር። እሷም ጌጥ ትወዳለች፣ ጥሩ ቀሚስ ትወዳለች፣ ወሬም አይርቃትም። ሊድጌትን ከሮዛሞንድ ራቅ ካላሰብክባት ብላ ያስጠነቀቀችውም እሷ ናት። ይኸው ማስጠንቀቂያ ነው መጨረሻ ላይ ነገሩን አጣድፎ ያጋባቸው።

የአክስቲቱ ባል ቡልስትሮድ ባንክ ያለው፣ ጸሎተኛ፣ ከተማውን ሁሉ የሚገሥጽ ሰው ነው። ያለፈ ጉድ አለበት። መጀመሪያ ያገባት ሀብታም መበለት የጠፋች ልጅ ነበረቻት፤ ልጅቷ መገኘቷን እያወቀ ደብቆ ሀብቱን ወረሰ። ይህን የሚያውቅ ራፍልስ የሚባል ሰካራም መጥቶ ያስፈራራዋል። ሰካራሙ ቡልስትሮድ ቤት ታመመ። ሊድጌት አከመው፤ አልኮል እንዳይነካ፣ ኦፒየሙም እዚህ ድረስ ብቻ ብሎ አዘዘ። ቡልስትሮድ ለሠራተኛዋ የት ላይ ማቆም እንዳለባት አልነገራትም፤ ብራንዲ ያለበትንም ቁልፍ ሰጣት። ሰውየው ሞተ። ቡልስትሮድ ደግሞ በዚያው ሰሞን ለሊድጌት 1000 ፓውንድ አበድሮታል። ከተማው ሁለቱን ደመራቸው። ሐኪሙ ጉቦ በልቷል ተባለ።

አሁን ሁለት ሚስቶች አሉ፣ አክስትና የወንድም ልጅ፣ በአንድ ሰሞን ባሎቻቸው ተዋርደዋል። ምዕራፍ 74ን እዩ። ሃሪየት ነገሩን ከወንድሟ ሰማች። ክፍሏን ቆልፋ ለብቻዋ አለቀሰች። ከዚያ ጌጧን በሙሉ አወለቀች፣ ተራ ጥቁር ቀሚስ ለበሰች፣ ባለ ሪባኑን ቆብ አውልቃ ጸጉሯን ወደ ታች ደልድላ ቀለል ያለ ቆብ አደረገች። ወረደችና ባሏ ቀና ብሎ ሊያያት ሲያፍር «ቀና በል ኒኮላስ» አለችው። አብረው አለቀሱ። ምን ያህሉ እውነት ነው ብላ አልጠየቀችም። እሱም ንጹሕ ነኝ አላላትም።

ከዚያ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ክፈቱ። ሮዛሞንድ ባሏ የተወራበትን ሰምታ ዝም አለች። ሊድጌት አንድ ቃል ትላለች ብሎ ጠበቀ። የመጣው ቃል ምን ሆነ? አሁን እንግዲህ እዚህ ከተማ መኖር አልችልም፣ ወደ ለንደን እንሂድ።

ልብ በሉ፤ ጥፋተኛው ቡልስትሮድ ነው። ሊድጌት ንጹሕ ነው። የጥፋተኛው ሚስት አብራው ተቀመጠች፤ የንጹሑ ሚስት እንሂድ አለች።

የሌሊት_ተረኛ

በረዶ ሀገር፣ ገደልሽኝ። ይህን አላስተዋልኩም ነበር።

ጌጡን ስታነሺ ሌላ ትዝ አለኝ። ሮዛሞንድም ጌጧን የምታወርድበት ቦታ አለ። ሊድጌት ዕዳውን በነገራት ቀን ሣጥኖቹን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች። የሰጠኸኝ ጌጥ ይኸው፣ የፈለግከውን መልስ፣ ነገ ዕቃ ሊቆጥሩ ሲመጡ ግን እኔ እዚህ አልሆንም፣ አባቴ ቤት ነኝ። አክስቷ ጌጧን ያወለቀችው ከባሏ ጋር ለመዋረድ ነው። እሷ ያወረደችው እሱን ለማዋረድ ነው።

ሰላም_ዘጉለሌ

በጣም ጥሩ ሙግት ነው። ግን ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ሃሪየት ከባሏ ጋር የግማሽ ዕድሜዋን ያህል ኖራለች። ልጆች አሏት። ሰውየው ከተማው ላይ ክፉ ቢሆንም እሷን አክብሯት ነው የኖረው። ሮዛሞንድ ያገባችው ገና ነው፤ ያም ግማሹ ዕዳ፣ ኩርፊያና የሞተ ልጅ ነው። ለአንድ ሰው ታማኝ የምትሆንበትን ነገር ከየት ታምጣው?

ሁለተኛ፣ ሊድጌትም ንጹሕ ነኝ አላላትም እኮ! ሊነግራት ተዘጋጅቶ ነበር። እሷ የተሳሳተ ቃል ስትናገር ተነስቶ ወጣ። ትልቅ ሰው ነው፣ ሐኪም ነው፣ ለበሽተኛው ሲሆን ትዕግሥቱ አያልቅም። ለሚስቱ ሲሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ፈተናት፤ ወደቀች፤ አለቀ።

ደግሞ በመሀሉ ቢሊያርድ ቤት ገብቶ ሲቆምር እናየዋለን። ኦፒየምም ሞክሯል። እሷ ብታደርገው ምን ትሉ ነበር?

ፋሲል_ነኝ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አገር ሠርግ ደግሶ ሦስት ዓመት የሚከፍል ሙሽራ ሞልቷል። ስንጣላ ግን «እሷ ናት ያስደገሰችኝ» ነው የምንለው። አዳራሹን አብረን ነው ያየነው። ሊድጌትን ሳነብ ራሴን ስላየሁት ነው መሰለኝ ብዙም አልወደድኩትም።

ካሶቦን ከሞተ በኋላ ዶሮቲያ የምታገባው ወጣት ዘመዱ ዊል ላዲስሎ ግን ቀሽም ነው። ዶሮቲያ ለሱ ብላ የካሶቦንን ሀብት ጥላ ሄደች፤ ምን አይታበት እንደሆነ አልገባኝም።

ጡረተኛው_መምህር

ዊል ላይ ብዙ አንባቢ ካንተ ጋር ነው ልጄ። ለዶሮቲያ አይመጥናትም የሚለው ቅሬታ የቆየ ነው። የሞተ ባል በኑዛዜው ላይ «ላዲስሎን ካገባች ንብረቴን አታገኝም» ብሎ መጨመሩ ግን ራሱ አጋባቸው። ካልተከለከለች ልታስበውም ላትችል ትችል ነበር።

ማሂ_ነኝ

ዊልን ተዉልኝ። ቢያንስ ይስቃል። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከቄሱ ሚስት ከወይዘሮ ካድዋላደር ሌላ የሚያስቅ ሰው የለም። የካሶቦን ደም በማጉያ መነጽር ቢታይ ድርብ ሰረዝና ቅንፍ ብቻ ነው ያለችው እሷ አይደለችም? ብቻዋን አንድ መጽሐፍ ይገባት ነበር።

በረዶ_ሀገር

ወደ ሮዛሞንድ ልመልሳችሁ፤ የሰላም ጥያቄ ከእንቅልፍ ስላስነሳኝ ምዕራፍ 29ን ደግሜ አየሁት። የሚጀምረው በዶሮቲያ ነው፤ ከዚያ ጸሐፊዋ ራሷን አቋርጣ ለምንድነው ሁልጊዜ ዶሮቲያ ትላለች። እሷ ወጣትና ቆንጆ ስለሆነች ብቻ? ከዚያ ወደ ካሶቦን ልብ ውስጥ ይዛን ትገባለች። እስከዚያ ድረስ የሳቅንበት ሰው፣ መጽሐፉ እንደማያልቅ የሚያውቅ፣ የሚፈራ፣ ይሥቁብኛል ብሎ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሆኖ ይወጣል። ካሶቦንን ከማን ቀዳሽው ስትባል በእጇ ወደ ራሷ ልብ አመለከተች ይባላል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ለካሶቦን ያደረገችውን ለሮዛሞንድ ለምን አላደረገችም? «ለምን ሁልጊዜ ሊድጌት?» የምትልበት ምዕራፍ የት አለ? የደረቁን ሽማግሌ ሐሳብ ከውስጥ አሳየችን፤ የቆንጆዋን ግን ብዙውን ጊዜ ከውጭ ነው የምናያት። አንገቷን ስታዞር፣ ጸጉሯን ስትነካ። ከካሶቦን ጋር ራሷን አይታለች። ከሮዛሞንድ ጋር ግን ምንም የሚያገናኛት ነገር አልነበረም። ወጣትና ቆንጆ፣ ሁሉ የሚያጨበጭብላት፤ ይህ የሜሪ አን ኢቫንስ ሕይወት አይደለም። እሷ ሚስት ያለው፣ መፋታት የማይችል ሰው ጋር በይፋ ስለኖረች ጨዋው ማኅበረሰብ ቤቱን ዘግቶባታል። ወንድሟ አይዛክ ለዓመታት ቃል አልተነፈሰላትም፤ የታረቃት በ1880 ሌላ ሰው በሕግ ስታገባ ነው። እንዲህ የኖረች ሴት እንደ ሮዛሞንድ ሁሉም በር ለተከፈተላት ልጅ ብዙ ርኅራኄ ባይኖራት አይገርመኝም።

ስለዚህ ሰላም፣ ሮዛሞንድን እጠላለሁ፤ ግን ያስጠላችኝ ጸሐፊዋ መሆኗን አሁን አየሁ።

ጡረተኛው_መምህር

በረዶ ሀገር፣ ያልሽው ይከብዳል፤ ግን ምዕራፍ 81ን ትረሺያለሽ። ዶሮቲያ ሮዛሞንድንና ዊልን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀራርበው ካየች በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አልቅሳ፣ በማግሥቱ ስለ ሊድጌት ልትናገርላት ወደዚያች ሴት ቤት ትመለሳለች። ባልሽ ንጹሕ ነው፣ የምናምነው ሰዎች አለን ትላታለች። ሮዛሞንድ ይህን ያህል የሚታመንባት ሰው አይታ አታውቅም። ተሰበረች። እና ማንም ሳይጠይቃት እውነቱን ተናገረች፤ ዊል እኔን አይወደኝም፣ የሚወደው አንቺን ነው አለች።

የመጽሐፉ መጨረሻ በዚያ ቃል ላይ ነው የቆመው። ሮዛሞንድ ዝም ብትል ዶሮቲያና ዊል ምናልባት አይገናኙም። የሁሉንም ሰው ዕድል በእጇ ይዛ ለአንድ ደቂቃ ለሌላ ሰው የሚጠቅም ነገር አደረገች። ጸሐፊዋ ባትወዳት ኖሮ ይህን ቦታ ለእሷ አትሰጥም ነበር።

ማሂ_ነኝ

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያንንም ያደረገችው ዊል ከአንድ ቀን በፊት ስለተቆጣት ነው። አይወደኝም ብላ አውቃለች። የሌላትን ነገር ነው የሰጠችው።

ጡረተኛው_መምህር

ይህም በመጽሐፉ ውስጥ አለ፣ ትክክል ነሽ። ቢሆንም ዝም ማለት ትችል ነበር። ዝም ማለት እንደምትችል ደግሞ አንቺው ነሽ ከላይ የመሰከርሽው።

የሌሊት_ተረኛ

ጋሼ እዚህ ላይ አሸነፉ።

እኔን ግን መደምደሚያው ነው ያሳረረኝ። ሊድጌት የሀብታም ሐኪም ሆነ። እንደ ወቅቱ አንዴ ለንደን፣ አንዴ የባሕር ማዶ መታጠቢያ ከተማ። ሊጽፈው ያሰበው ስለ ሕብረ ሕዋሳት መነሻ ነበር፤ የጻፈው ስለ ሪህ ነው። የባለጠጎች በሽታ! በ50 ዓመቱ ሞተ። ሚስቱን በአንድ ወቅት በሶብላዬ ይላት ነበር፤ ምን ማለት ነው ስትለው በሶብላ በተገደለ ሰው አንጎል ላይ በደንብ የሚያድግ ተክል ነው አላት።

ሰላም_ዘጉለሌ

እሷ የመለሰችውንስ ለምን ዘለልከው? «ታዲያ ለምን መረጥከኝ?» ነው ያለችው። ክሩን የከፈትኩት በዚህች መልስ የተነሳ ነው። በዚያ ሁሉ ገጽ ሊድጌት ለዚህ ጥያቄ መልስ አልሰጠም። ጸሐፊዋም እሱን ወክላ አልመለሰችም። ሮዛሞንድ ላይ ስንት ነገር ተጽፎ፣ የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ናት።

ማሂ_ነኝ

ጥሩ መልስ ሰጠች፣ ልክ ነሽ። ግን እሱ ሲሞት የሕይወት መድኑን ትቶላት ሄደ፤ እሷ ሌላ ሀብታም ሽማግሌ ሐኪም አገባች፤ አራት ልጆቿን የሚወድ። ከሴት ልጆቿ ጋር በሠረገላ ትንሸራሸራለች። ደስታዬን «ሽልማት» ነው ትላለች። የምን ሽልማት? በሊድጌት ስለታገሰች መሆኑ ነው!

ሰላም_ዘጉለሌ

ሠረገላው ላይ አወጣጧንና አወራረዷን ግን ማን ይችላታል። የተማረችው ትምህርት እኮ ነው፣ ሥራ ላይ አዋለችው።

ማሂ_ነኝ

ሂጂ ከዚህ! ሳልወድ አሳቅሽኝ። ድምፄ ግን ለአክስቷ ነው፤ አልቀይርም።

ፋሲል_ነኝ

አንድ ያልተመለሰ ነገር አለ። ቡልስትሮድ ሰውየውን ገድሎታል ወይስ አልገደለውም? ቁልፍ ነው የሰጠው፣ ብራንዲውን አላጠጣውም። የሌሊት ተረኛ፣ ደግሞ በዚያ ዘመን ሐኪሞች ራሳቸው ለእንዲህ ዓይነት ሰካራም አልኮልና ብዙ ኦፒየም ያዙ አልነበረም እንዴ?

የሌሊት_ተረኛ

ያዙ ነበር። ሊድጌት ነው በአዲሱ መንገድ የከለከለው፤ ስለዚህ ሌላ ሐኪም ቢጠራ ኖሮ ያንኑ ብራንዲ ራሱ ያዝለት ይሆናል። ለዚህ ነው ማንም ሊከስሰው ያልቻለው። ይህ ረጅም ነው፣ እዚህ አያልቅም።

አወያይ

የቡልስትሮድን ጉዳይ ለብቻው ክር ክፈቱለት። ይህኛው የሮዛሞንድ ነው።

የሌሊት_ተረኛ

እሺ፣ ተረኝነቴን ልጨርስና ማታ እከፍተዋለሁ። ፋሲል፣ አንተ ጠበቃው ነህ፤ እኔ ዐቃቤ ሕግ።